ሃያ ዲግሪ ሲሞላ

አባዬ የምልኬሳን ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ መልሷቸዋል። ያለፈው እሑድ ለሦስተኛ ጊዜ መጡ። በእኛ ቤት ሦስቴ የተመለሰ ሽማግሌ አራተኛ ደጅ አይጠናም፤ እኔ ደግሞ ከምልኬሳ ሌላ አላገባም። ነገሩ ይኸው ነው።

ምልኬሳና እኔ አንድ ላብራቶሪ ነን። ጋዶሊኒየም የሚባል ብርቅ ብረት ከሲሊከንና ከጀርማኒየም ጋር አዋሕደን፣ ማግኔት እስከ ስንት ዲግሪ እንደሚይዘው እንለካለን። በውስጡ ያሉት ጥቃቅን ማግኔቶች ሲበርዳቸው ቀጥ ብለው ይሰለፋሉ፤ ሲሞቃቸው ታክሲ እንደመጣበት የሰሚት ሰልፍ ይበታተናሉ። ይህን ሁሉ ቁርስ ላይ ለአባዬ እነግረዋለሁ፤ እሱ ግን ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ዜና አይነቅልም። እርሻው ኮንዶሚኒየም ከሆነ ወዲህ በእጁ ያልጨበጠውን ሥራ አያምንም።

«ልጁ አሁንም ያንኑ ሥራ ነው የሚሠራው?» አላቸው አባዬ፣ ሽማግሌዎቹ ገና ሳይቀመጡ።

የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ ጋሽ ቢተው ምልኬሳና እኔ እንዳስጠናናቸው አደረጉ። ከፍሪጃችን በር ማግኔት ነቅለው የመስኮቱ ብረት ላይ ለጠፉ፤ ከያዙት ፌስታል ደግሞ ላብራቶሪ የሠራናትን የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል ቁራጭ አውጥተው ማግኔቱ ላይ አጣበቁ።

«የሚሠራው ይቺን ነው። ማንም ሳይጎትታት ከምሳ በፊት ትወድቃለች። ከወደቀች ልጅዎን ይሰጡናል?»

አባዬ ሳቀ። «ማግኔት የያዘው ብረት ሰው ሳይጎትተው? ከወደቀች ውሰዷት! ካልወደቀች ግን ደጄን እርሱት።»

እኔ ጓዳ ሆኜ በደስታ ልፈነዳ። ቁራጯ የምትለቀው ሃያ ዲግሪ ላይ ነው፤ አራት ሰዓት ሲሆን ፀሐይ በዚያ መስኮት ትገባለች። ሁለት የፊዚክስ ማስተርስ አስበንበታል። ያላሰብነው ወሩ ነሐሴ መሆኑን ነው።

አራት ሰዓት፣ ደመና። አምስት ሰዓት፣ ዝናብ። ቁራጯ ንቅንቅ አላለችም። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ጋሽ ቢተው ባርኔጣቸውን አነሱ። እኔ አለቀስኩ፤ የምሬን ነው።

«ቆዩ እስቲ፣ ይህን ጉድ ልየው» አለ አባዬ። ተነሥቶ ማግኔቱንም ቁራጯንም አንድ ላይ በመዳፉ ጨበጠና ስለ ድሮ እርሻው ማውራት ጀመረ። ስለ ጤፉ፣ ስለ ማሳው ድንበር፣ ስለ በሬዎቹ። በሬዎቹን አንድ በአንድ በስም ጠራ። ሽማግሌ ወግ አያቋርጥምና ሰሙት። አሥር ደቂቃ ሲሞላ ማግኔቱን በሁለት ጣቱ ይዞ መዳፉን ከፈተ። ቁራጯ ወለሉ ላይ ዱብ አለች።

«አልጎተትኳትም» አለ። «አይታችኋል።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ፤ ከዚያ ለምርቃት ተነሡ።

ሲሄዱ አባዬ ማግኔቱን ሊመልስ ወደ ፍሪጁ መጣ።

«አባዬ፣ ልትድረኝ ከሆነ ለምን ሁለቴ መለስካቸው?»

«በአንድ ልመና የምትሰጥ ልጅ የለችኝም።»

«መዳፍህ እንደሚጥላትስ በምን አወቅህ?»

«ቁርስ ላይ ሃያ ዲግሪ ነው አላልሽም?» አለኝ ፊቱን ሳያዞር።

ለካ ዜናውን አንድ ቀንም ሰምቶት አያውቅም።