ሁለት ጊዜ የተቀነሰ

"ፈርሚና እንላከው" አለ ዌንዴል፣ ላፕቶፑን ወደ ሚስቱ እየገፋ። "ያንቺ ቁጥር ብቻ ነው የቀረው።"

ኮሪን ከምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ልብስ ማጠቢያ ገና መግባቷ ነው፤ ካፖርቷን እንኳ አላወለቀችም። ግብራቸውን በአንድ ላይ ስለሚያስታውቁ ሁለቱም የፊርማ ቁጥራቸውን ካላስገቡ ፕሮግራሙ አይልክም። ስክሪኑ ጥግ ላይ ተመላሹ፣ ከከፈሉት ግብር የሚመለስላቸው ገንዘብ፣ በአረንጓዴ ተጽፏል፤ 1,394 ዶላር።

"አምና ዘጠኝ መቶ እንኳ አልሞላም ነበር።"

"አምና የሠራው የወንድምሽ ልጅ ነው። ዘንድሮ ባለሙያ ሠራው።"

ባለሙያው ራሱ ዌንዴል ነው፤ የእህል ጎተራ ሠራተኛ። ሥራው አርባ ማይል ይርቃል። ፒክአፑ ካምቢዮው ተበላሽቶ ሃርላን ጋራዥ ቆሟል። እስካሁን በመኪናው ሲያደርሰው የነበረው ጎረቤት ከሰኞ ጀምሮ ሌላ ቦታ ሊሠራ ነው። ባለጋራዡ ሃርላን ደግሞ የጥገናውን 1,300 ዶላር የሚሸፍን ተመላሽ መጠየቃቸውን በዓይኑ ካላየ መኪናውን አይለቅም። ያለ መኪና ዌንዴል ሥራ የለውም። እሱ ግን ሰሞኑን የሚያወራው ተጠግኖ ስለሚመጣው መኪና ነው፤ ላም አለኝ በሰማይ።

ኮሪን ከብስኩት ቆርቆሮው የዓመቱን የደሞዝ መግለጫዋን አወጣች።

"እዚህ ደሞዜ 31,480 ነው ይላል። አንተ 27,360 ብለሃል።"

"የጤና መድኑን ቀንሼልሽ ነዋ። 4,120 ከግብር በፊት የተቆረጠ ነው ይላል። ላልበላነው ግብር ልንከፍል ነው?"

ኮሪን የታኅሣሥን የደሞዝ ቁራጭ ፈልጋ አጠገቡ አኖረችው። የዓመቱ ሙሉ ደሞዝ 35,600። ፖስታ ጀርባ ላይ በእርሳስ 4,120 ቀነሰችለት። 31,480 መጣ።

"አሠሪዬ ቀንሶ ነው የጻፈው፣ ዌንዴል። አንተ ደገምከው።"

አንገቱ ቀላ። ገብቶታል። ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና፣ "ማን ያየዋል?" አለ።

"ይሄንኑ ወረቀት ለግብር ቢሮም ልከውለታል።"

"እስኪደርሱበት እኔ እየነዳሁ ነው።"

"ደሞዙ የኔ፣ ፊርማው የኔ።"

"ሥራዬን ላጣ ነው እኮ። ይገባሻል?"

ይገባታል። በሃምሳ አራት ዓመቱ ሌላ ማንም እንደማይቀጥረውም ታውቃለች። ጣቷ ቁልፉ ላይ ቆየ። ከዚያ እሱ የጻፈውን 27,360 አጥፍታ 31,480 ጻፈች። አረንጓዴው ቁጥር ወደ 900 ወረደ፤ ዌንዴል ያስገባው ፊርማም አብሮ ተሰረዘ።

ዌንዴል ተነስቶ መስኮቱ ጋ ቆመ። "ለሃርላን ምን ልበለው?"

"ቀሪውን በየወሩ እንከፍልሃለን በለው።"

"ሃርላን ለእናቱም ዱቤ አይሰጥም።"

"እንግዲያው እስክንሞላለት እኔ በመኪናዬ አደርስሃለሁ።"

"አንቺ አሥራ ሁለት ሰዓት ትገቢ የለም እንዴ?"

"ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ እንወጣለና።"

"እኔ የምገባው አንድ ሰዓት ነው። እስከዚያ እዚያ ብርድ ላይ ምን እሠራለሁ?"

"መቀነስ ትለማመዳለህ።"

ሊስቅ አልፈለገም፤ ግን አፉ ጠርዝ ላይ አመለጠው። ኮሪን ላፕቶፑን ወደሱ ገፋችና እጇን አጣጥፋ ጠበቀች።

ዌንዴል መጥቶ ተቀመጠ። መጀመሪያ ስልኩን አውጥቶ ደወሉን ለዘጠኝ ተኩል ሞላ። ከዚያ የፊርማ ቁጥሩን እንደገና አስገባ።

ኮሪን የራሷን ጨመረችና ላከችው።