የሐሙስ ምድጃ

ልብስ ሰፊው ቀና ብሎ ሲያያት ጣቱ በመርፌው ከመበሳት ለጥቂት ተረፈ። የስፌት መኪናውን ከግቢው በር ሥር ተክሎ የሚውል ሰው ነው፤ ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ማን ከማን ጋር ተኳረፈ፣ ከእሱ የሚያመልጥ ወሬ የለም። ሰላምታውን እንኳ ረሳው።

“ዛሬ ሰኞ አይደለም እንዴ?” አለ።

“ሰኞ ነው። ምነው፣ ሰኞ ሰኞ እንግዳ አትቀበሉም?” ብላ ሳቀች።

ስሟ ሌላ ነው፤ ሠፈሩ ግን ፀሐይቱ ይላታል። ሥራዋ ያወጣላት ስም ነው። የፀሐይ ምድጃ በየቤቱ እየዞረች ታስተዋውቃለች። ውስጡ በሚያብረቀርቅ ወረቀት የተለበጠ፣ ክዳኑ መስታወት የሆነ ሣጥን ነው፤ ጥቁር ድስት ይገባበትና ፀሐይ ላይ ይቀመጣል፤ ያለ እንጨት፣ ያለ ከሰል፣ ያለ ጭስ ያበስላል። እውነትም ያበስላል፤ ይህን ማንም አይክዳትም። ችግሩ እሷ ስለዚህ ሣጥን ማውራት ከጀመረች የሚያስቆማት አለመኖሩ ነው። አማቷ የሞቱ ጊዜ ለቅሶው ላይ ስለ ምስር አበሳሰል አስረድታለች እያሉ ያሟታል። እኔ አልነበርኩም፤ ግን አያደርጋትም ብዬ አልምልም።

ከምትዞርባቸው ግቢዎች ሁሉ ይህኛው የዓይኗ ብሌን ነው። በአንድ አጥር ውስጥ የተደረደሩ የኪራይ ክፍሎች፣ ጥግ ላይ አንድ የጋራ ማድ ቤት፣ መሀል ላይ ጠባብ ሜዳ። ሐሙስ ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ስትደርስ ሣጥኖቹ ሜዳው ላይ ተደርድረው፣ ድስቶቹ እጅ የሚያቃጥሉ ሆነው ይጠብቋታል። ትቀምሳለች። “ጥሩ በስሏል፣ አይደል?” ትላለች። “በጣም እንጂ!” ይሏታል። ቢሮዋም ሌሎች ሠፈሮችን ሲወቅስ “እንደዚያ ግቢ ሰዎች ለምን አትሆኑም?” እስከ ማለት ደርሷል።

ይህን ግቢ እንዲህ ከልቧ ስላመነችው ነው ታላቅ እህቷን አምጥታ እዚያ ያስቀመጠቻት። እህቷ ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ቤት ማድ ቤት ውስጥ በእንጨት ስታበስል ኖራ ሳንባዋ ተጎድቷል። ሐኪሙ ቁርጡን ነግሯታል፤ “መድኃኒቱ ብቻውን አያድንዎትም። ከጭስ ካልራቁ ትንፋሽዎ ከዓመት ዓመት አያደርስዎትም” ብሏታል። ፀሐይቱ ራሷ የምትኖረው ከዳቦ ቤት ጀርባ ነው፤ የዳቦው ጭስ በመስኮቷ ገብቶ ትራሷ ላይ ነው የሚያድረው። ስለዚህ እህቷን ጭስ ከማያውቀው ግቢ አንድ ክፍል ተከራየችላት። “እታለም፣ እዚህ እንደ ሕፃን ነው የምትተነፍሺው” አለቻት። ከዚያ ወዲህ በመጣች ቁጥር “ተሽሎሻል፣ አይደል?” ትላታለች፤ እህቷም “ተመስገን” ትላለች።

ዛሬ ሥልጠና መስጠት ነበረባት፤ አዳራሹ ለሌላ ስብሰባ ተሰጥቶ ስለተገኘ ተሰረዘ። ባገኘችው ክፍት ሰዓት አንድ ፌስታል ብርቱካን ገዝታ፣ እህቷን ላስደስታት ብላ ሳትነግራት ብቅ አለች። አመሻሹ ላይ ነበር፣ ፀሐይ ገና አልገባችም።

“ቆይ፣ ቆይ፣ አንዴ ይህቺን ቀሚስ ለኪልኝ እስቲ!” አለ ልብስ ሰፊው፣ የያዘውን ጨርቅ እያነሳ።

“የማን ናት?”

“የማንም ትሁን፣ ብቻ ለኪልኝ!”

“አንተ ሰውዬ፣ ዛሬ ምን ነካህ?” ብላ አለፈችው። ከኋላዋ ቤት እንደሚቃጠልበት ሰው “ኧረ ፀሐይቱ መጣች!” ብሎ ሲጮህ ሰማችው። ለእሷ ያለው ፍቅር መሰላት፣ ምስኪን።

መጀመሪያ የተቀበላት ጭሱ ነው። አንድ ክፍል እሳት የተነሳበት መስሏት ልትጮህ አፏን ከፈተች። ሜዳው አይታይም፤ ከዳር እስከ ዳር ገመድ ተወጥሮ እርጥብ አንሶላ ተሰጥቶበታል። አንሶላውን በክንዷ እየገፋች ስትሄድ እግሯ ከአንድ ነገር ጋር ተጋጨ። ጎንበስ ብላ አየች። ሣጥኑ ነው፣ የራሷ ሣጥን። ውስጡ ጫማ ተደርድሯል። ከሱ ቀጥሎ ያለው ውስጥ ሳሙናና የልብስ መቆንጠጫ፣ ሦስተኛው ውስጥ ደግሞ አንዲት ዶሮ እንቁላል ታቅፋ ተቀምጣ “አንቺ ደግሞ ማን ነሽ?” በሚል ዓይን ታያታለች።

እዚያው ደርቃ ቀረች። በሩን ተሳስቼ ሌላ ግቢ ገባሁ እንዴ ብላ ዞር አለች። አልተሳሳተችም።

ጭሱ ከማድ ቤቱ ነበር የሚወጣው። ልብስ አጣቢዋ፣ አከራይዋና ሌሎች ሁለት ሴቶች በየምድጃቸው ላይ አጎንብሰዋል፤ ከሰሉ ይፈነጣጠራል፣ እርጥቡ እንጨት ያለቅሳል። ከሁሉም ፊት ለፊት፣ ከምድጃው አፍ ላይ፣ ዝቅ ያለች ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ አፍና አፍንጫዋን በሻሽ ሸፍና እሳቱን የምታራግበው የገዛ እህቷ ናት።

እህቷ ማራገቢያውን እንደያዘች ቀና አለች። ዓይኗ ፈጠጠ።

“ውይ! ዛሬ ሐሙስ ነው እንዴ?” አለች።

ፀሐይቱ ክው አለች። የማድ ቤቱን መቃን ተደግፋ ቆመች። ፌስታሉን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ጨብጣ አንዴ እህቷን፣ አንዴ እሳቱን፣ አንዴ ሴቶቹን ታያለች።

መቼም ሰው ሲጨንቀው የሚያደርገው አያልቅም። ልብስ አጣቢዋ የሚፈላውን ድስት በጨርቅ ይዛ ከእሳቱ ላይ አወረደችና በሩጫ ወጣች። ዶሮዋን ገፍትራ አባረረች። ድስቱን ከእንቁላሎቹ ጎን አስቀመጠችና መስታወቱን ከደነችው።

“ፀሐይዋ ስትዳከምብን ጨረስ እናድርገው ብለን እኮ ነው! ጥሩ ጀምሮልን ነበር!” አለች፣ እያለከለከች።

“እንቁላሉን ነው የጀመረላችሁ?” አለች ፀሐይቱ። ድምጿ የሌላ ሰው ድምፅ ሆነባት። ሄዳ ሣጥኑን ከፈተች። ዳርና ዳሩን በመዳፏ ዳሰሰች፤ የዶሮዋ ሙቀት እንጂ የፀሐይ ሙቀት የለበትም። በሚያብረቀርቀው ወረቀት ላይ ኩስ ደርቋል። “ሐሙስ ሐሙስ ስበላው የኖርኩት ምንድን ነው?”

ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ከአንሶላዎቹ መሀል ብቅ ብሎ “ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ብያችሁ ነበር” አለ። አከራይዋ ገላመጡት።

“አንተ ዝም በል! አስጠንቃቂያችን አንተ አልነበርክም እንዴ?” ካሉ በኋላ ወደ ፀሐይቱ ዞሩ። በዕድሜ የገፉ፣ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው፤ ዛሬ ግን ዓይኗን ማየት አቃታቸው። “ልጄ፣ እንግዲህ ከታየ አይቀር... የመጀመሪያው ሳምንት በእውነት በስሎ ነበር። ጣት የሚያስቆረጥም ምስር ነበር። ከዚያ አንድ ሐሙስ ደመና ዋለ። ድስቱ ጥሬ ነው። አንቺ ስትበሪ መጣሽና ክዳኑን ሳትከፍቺ ‘በስሏል፣ አይደል?’ አልሽን። ፊትሽ እንደዚያ እየበራ አልበሰለም እንዴት ይባላል? በስሏል አልን።”

“በሚቀጥለው ሐሙስ እንዳናሳፍርሽ ብለን ጠዋት በከሰል አበሰልነውና ጥቁሩ ድስት ውስጥ ገለበጥነው” አለች ልብስ አጣቢዋ። “ከዚያማ ለመደብን። እሱ በሩ ላይ ሆኖ ሲጠራልን፣ እኛ ወደ ሣጥኑ እንገለብጣለን።”

“ግን ለምን አትጠቀሙበትም? ፀሐይ አላጣችሁ!”

“ፀሐዩ የታለና!” ልብስ አጣቢዋ አንሶላውን በእጇ መታችው። “ግቢው ያለው ፀሐይ ይኸው ነው፣ ከዚህ እስከዚያ። እዚህ ላይ ደግሞ የሰው ልብስ አደርቃለሁ። ካላደረቅሁ ምን ልበላ? ሐሙስ ሐሙስ እርጥቡን ልብስ ሰብስቤ፣ ገመዴን ባዶ አድርጌ የምቀመጠው እኮ ለአንቺ ብዬ ነው።”

“ተከራዮቹም ሳይነጋ ወጥተው ሲመሽ ነው የሚገቡት” አሉ አከራይዋ። “ሣጥኑን ማን ፀሐይ ፀሐይ እያሳየ ያዙርላቸው?”

“አንድ ቀን... አንድ ቀን እንኳ ብትነግሩኝ!”

“መቼ ጠየቅሽን?” አለች ልብስ አጣቢዋ፣ ሳትቆጣ። “‘አይደል?’ ብለሽ ጨርሰሽው እኮ ነው የምትመጪው። ደግሞ ብንነግርሽ ከሥራሽ ቢያባርሩሽስ? ሞተን ነው!”

ለካ ያ ሁሉ ሐሙስ፣ ያ ሁሉ ሙገሳ፣ ፀሐይቱ በቢሮዋ ፊት ደረቷን ነፍታ ያወራችው ሁሉ በከሰል የበሰለ ነው። ቢጠሏትና ቢያታልሏት ይሻላት ነበር፤ ተሳድባ ትወጣ ነበር። ወደዋት ነው እንዲህ ያደረጓት። ለወደደሽ ሰው ምን ብለሽ ትሳደቢያለሽ?

“እሷንስ?” አለች በመጨረሻ፣ በጣቷ እህቷን እያሳየች። “በሽተኛ መሆኗን ታውቃላችሁ። ነግሬያችኋለሁ። እሷን እንዴት?”

“እሷን ስታመጪማ ጨረስሽን” አሉ አከራይዋ። “ጭስ የለበትም ብለሽ፣ ሻንጣዋን ተሸክመሽ፣ በደስታ እያለቀስሽ ስትገቢ፣ ማን ወንድ ነው ‘ኧረ አለበት’ የሚልሽ? በሯን እየዘጋንላት፣ ከበሩ ሥር ጨርቅ እየወተፍን አበሰልን። ደግሞም ደህና ናት! ጠዋት ጠዋት እንጠይቃታለን፤ ‘ደህና ነኝ፣ ምንም አልል’ ትለናለች። እንዲያውም ራሷ ናት መጥታ ‘ሥራ ፈትቼ አልቀመጥም፣ ላራግብላችሁ’ ያለችን። ጭሱ የማይነካት መስሎን እኮ ነው።”

ፀሐይቱ ማድ ቤት ገብታ የእህቷን ክንድ ያዘች። “ተነሺ። እንሂድ።”

“የት?”

“እንጃ። ከዚህ ውጭ የትም።”

“ዳቦ ቤቱ ጋ?” አለች እህቷ፣ ከሻሿ ውስጥ ፈገግ ለማለት እየሞከረች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። “ኧረ ነውር ነው። እንዲህ ተንከባክበው ያኖሩኝን ሰዎች ጥዬ ስወጣ ምን ይሉኛል?”

“ምን ይሉኛል!” ፀሐይቱ ጮኸች። በዚያ ግቢ ድምጿን ከፍ አድርጋ አታውቅም። “ይበሉሽ! የፈለጉትን ይበሉሽ! ሁላችንም ምን ይሉኛል ስንል ልናልቅ ነው እኮ!” ከዚያ ትንፋሿ አጠረባት። መሬት ላይ፣ አመዱ ላይ፣ በሥራ ቀሚሷ ቁጭ አለች። ሻሹን ከእህቷ ፊት ላይ ቀስ ብላ አወረደችው። ከንፈሯ ሰማያዊ ነበር። ያን ሁሉ ሐሙስ ይህን ከንፈር ስማ እንዴት እንዳላየችው ለራሷም አልገባት አለ። “እታለም። ትንፋሽሽ እንዴት ነው?”

እህቷ ማራገቢያውን በእጇ አገላበጠች። ፀሐይቱ በአፏ የመጣላትን መልስ ዋጠችና ጠበቀች። መጠበቅ አታውቅበትም፤ ግን ጠበቀች።

“አልተሻለኝም” አለች እህቷ። “እዚህ ከመጣሁ አንድ ቀን አልተሻለኝም። ሌሊት ተኝቼ አላድርም፣ ግድግዳ ተደግፌ ቁጭ ብዬ ነው የማድረው። ካለፈው ወር ወዲህ ደግሞ ሳሌ ደም አለው።” ወደ ልብስ አጣቢዋ ዞረች። “መሐረቤን ልጠብልሽ ስትዪኝ እምቢ ያልኩሽ ለዚያ ነው፤ ንቄሽ እንዳይመስልሽ። ማንንም እንዳላስጨንቅ ብዬ ነው።”

ልብስ አጣቢዋ እጇን በአፏ ላይ ጫነች። አከራይዋ “ደም?” አሉ፣ ከዚያ ደግመው “ደም?” አሉ፣ መቀመጫ የሚፈልግ ሰው ይመስል እጃቸው ከኋላቸው ግድግዳ ሲዳስስ ነበር። አንዷ ሴት ድስቷ ገንፍሎ እሳቱን ሲያጠፋው እያየች አልተነቃነቀችም። ሲያታልሉ የኖሩት እነሱ ነበሩ፤ ያቺ ዝምተኛ እንግዳ በየጠዋቱ፣ በዚያው በእነሱ ዘዴ፣ በደግነት ስታታልላቸው መኖሯ አንድ ቀን እንኳ በሐሳባቸው ውል ብሎ አያውቅም። “ደህና ነኝ” ስትላቸው፣ “እሰይ” ብለው ነበር ከሰሉን የሚያቀጣጥሉት።

መጀመሪያ የተንቀሳቀሰው ልብስ ሰፊው ነው። “ምን ታያላችሁ? አውጧት እንጂ!” ብሎ ገባ። እሱና ፀሐይቱ በብብቷ ሥር ገብተው ወደ ሜዳው አወጧት። አከራይዋ አንሶላዎቹን ከነመቆንጠጫቸው እየነጠቁ መሬት ላይ ጣሉላት፣ ነፋስ እንዲያገኛት። ልብስ አጣቢዋ የሰው ንጹሕ ልብስ አፈር ላይ ሲወድቅ እያየች አልፋው ባልዲ ሙሉ ውሃ አንስታ ከአንዱ ምድጃ ወደ ሌላው እየዞረች ቸለሰችበት። ፀሐይቱ ለመኪና ስልክ መደወል ጀመረች፤ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አበላሸችው።

እህቷ አንሶላው ላይ ተጋድማ፣ ለእያንዳንዷ ትንፋሽ እየታገለች፣ የጠፋውን እሳትና ግማሽ የበሰሉትን ድስቶች አየች። ከዚያ ዙሪያዋን የቆሙትን ሴቶች አየች።

“ይቅርታ” አለች፣ “ራታችሁን አበላሸሁባችሁ።”