ስድስተኛው ተሸካሚ

አባቱ ከተቀበረ ወዲህ ቨርሊን ስታኪ በዚያ ቤት ደጃፍ አልፎ አያውቅም። የግንባታ ዕቃ የሚገዛበት ሱቅ ከዚያ ቤት ማዶ ቢሆንም መንገዱን አዙሮ በወንዙ በኩል ይሄዳል። ቤንዚኔ ይቃጠል እንጂ የፕሩዊትን በር አላይም ባይ ነው።

ቤቱ ድሮ «ፕሩዊትና ልጆቹ ቀብር አስፈጻሚ» ይባል ነበር። ልጆቹ አረጁ፤ የልጅ ልጆቹ ሬሳ ማጠብ ተጸየፉና ሸጡት። የገዙት ከሌላ ከተማ የመጡ ሰዎች ግድግዳውን ጥቁር ቀቡት፤ ደም የሚንጠባጠብ በሚመስል ቀይ ፊደልም «የግድያ ጉብኝት፤ ከተቆለፈ ክፍል የማምለጥ ጨዋታ» ብለው ጻፉበት። የከተማው ሰው እናቱን ወደሸኘበት ቤት አሁን ቲኬት ቆርጦ እየሳቀ ይገባል። ሰው እንዲህ ነው። ያለቀሰበትን ቦታ ቀለሙን ከቀየሩለት አያውቀውም።

እኅቱ ላቮን ልደቷን እዚያ አከብራለሁ ስትል ቨርሊን ያበደች መስሎት ነበር።

«ኦሃዮ ውስጥ ስንት ቤት ሞልቶ እሱን መረጥሽ?» አላት በስልክ።

«የመረጡት ልጆቼ ናቸው። ደግሞ ታላቃችን ሮይስም ይመጣል።»

«እንግዲያማ እኔ አልመጣም።»

ላቮን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ቨርሊን፣ ሮይስ እየረሳ ነው። ሐኪሙ ነግሮናል። ባለፈው እኔን እማማ ብሎ ጠራኝ። የምትጠይቀው ነገር ካለ አሁን ጠይቀው» አለችው።

የሚጠይቀው ነገር ነበረው። አንድ ብቻ።

በዚያ ከተማ ሰው ሲሞት ቤተሰቡ የሬሳ ሳጥኑን የሚሸከሙ ስድስት ሰዎች ይመርጣል። ቀላል ነገር አይደለም። የእገሌን ሳጥን ተሸክሜያለሁ ያለ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ያወራዋል። የአባታቸው ቀብር ቀን ታላቁ ሮይስ ከፊት ቆመ። ቤተ ክርስቲያን አብረው የሚሄዱ አራት ሰዎች ቆሙ። ስድስተኛው ደግሞ የላቮን ባል ጊል ሆነ፤ ቤተሰቡ ውስጥ ከገባ ገና ሁለት በጋ ያልሞላው ጊል! የአብራክ ክፋይ የሆነው ቨርሊን ግን ፒካፕ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ በመስተዋት አየ። ማንም ለምን እንደሆነ አልነገረውም። እሱም አልጠየቀም። ከዚያ ወዲያ ሃያ ምናምን ዓመት ከወንድሙ ጋር በገና በዓል «ደህና ነህ?» ከመባባል አላለፉም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። ቨርሊን የሚያምነው የተረቱን ሁለተኛ ግማሽ ነበር፤ የመጀመሪያው ግማሽ እንዲህ ቃል በቃል ይደርሳል ብሎ አላሰበም።

ቅዳሜ ከሰዓት ሲደርስ ላቮን፣ ጊልና ሁለቱ ትልልቅ ሴት ልጆቻቸው በር ላይ ቆመው ነበር። ሮይስ በመካከላቸው ነው። ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሷል፤ ክራቫት አስሯል፤ ጫማው ያበራል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ ቨርሊን እኅቱን ወደ ጎን ስቦ።

«ወደ ፕሩዊት ቤት ልንሄድ ነው አልኩት። ፕሩዊት ሲባል ሙሉ ልብሱን ለበሰ። ምን ልበለው?»

አስጎብኚዋ ማረን የምትባል፣ ፊቷን በዱቄት ያነጣች፣ ጥቁር ባርኔጣ የደፋች ልጅ ናት። ሮይስ እጇን በሁለት እጁ ይዞ፣ «ስለመጣሽ እናመሰግናለን ልጄ። አባባ ይወድሽ ነበር» አላት።

«ኧረ እኚህስ ከወዲሁ ገብተውበታል!» ብላ ሳቀች ማረን። «እንዲህ ያለ ተጫዋች ነው የምንፈልገው!»

ማንም አላረማትም። ቨርሊን ላቮንን አየ፤ ላቮን ጫማዋን አየች።

መጀመሪያ ምድር ቤት ወረዱ፤ ሬሳ ይታጠብበት የነበረው ክፍል። ማረን የእጅ ባትሪ አገጯ ሥር ይዛ ታወራለች። ከፕሩዊት በፊት ሁለት ወንድማማቾች በዚህ ቤት የሬሳ ሳጥን ይሸጡ ነበር አለች፤ አንድ ማለዳ ታላቅየው ለሽያጭ ከቀረቡት ሳጥኖች በአንዱ ውስጥ ሞቶ ተገኘ፣ ታናሽየውም ተከሰሰ።

«ለምን ገደለው?» አለች ማረን ድምፅዋን እያንቀጠቀጠች። «እስከ ዛሬ ማንም አያውቅም!»

«የጠየቀው ሰው ነበር?» አለ ቨርሊን።

«አይ አንተ!» ጊል ሳቀ። «ሰውየውን ፍርድ ቤት አቁመውት ሳይጠይቁት ይቀራሉ?»

«አንተን ማን አናገረህ?»

ቨርሊን ታሪኩ ሆን ተብሎ ለእሱ የተመረጠ መሰለው። ልጅቷ ስሙን እንኳ እንደማታውቅ ልቡ እያወቀ ተናደደ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት አይሆንም፤ ቂም ይዞ ጨዋታም እንደዚያው ነው።

ከዚያ ወደ ላይ ወጥተው ወደ ጨዋታው ክፍል ገቡ። ቨርሊን በሩ ላይ ቆም አለ። አባታቸው ሳጥኑ ተከፍቶ ለስንብት የተጋደመበት ክፍል ነው። ወንበሮቹ እነዚያው ናቸው። አበባ በነበረበት ላይ የፕላስቲክ አጽም ተቀምጧል። መካከሉ ላይ ስድስት መያዣ ያለው ጥቁር ሳጥን አለ። ማረን በሩን ከውጭ ዘጋችው፤ ቀጥሎ ድምፅዋ ከጣሪያው ድምፅ ማጉያ መጣ፦ «በሩ ተቆልፏል! ሰው ከጨነቀው አረንጓዴውን ቁልፍ ተጭኖ መውጣት ይችላል፣ ሕግ ነው። ፍንጭ ስትፈልጉ እጃችሁን አውጡ!»

ሮይስ ሄዶ የፊተኛው ረድፍ ላይ፣ የሟች ቤተሰብ ቦታ፣ ተቀመጠና እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ሴቶቹ ልጆች መሳቢያ እየከፈቱ፣ ሥዕል እየገለበጡ ተራወጡ። ቨርሊን ከወንድሙ ጀርባ ቆመ። ጥያቄውን መንገድ ላይ ሲለማመደው ነው የመጣው፤ «ለምን እኔን አስቀራችሁኝ?» የሚል አጭር ጥያቄ። ሊጠይቀው ጎንበስ አለ።

«አገኘሁት!» አለች ትንሿ። «ስድስት ሰው ሳጥኑን እኩል አንስቶ እዚያ መቆሚያ ላይ ሲያስቀምጠው በሩ ይከፈታል!»

«ስድስት ነን፤ ልክ ነው» አለ ጊል። «ኑ፣ ሮይስ፣ ተነስ እንጂ ሽማግሌው።»

ሮይስ ተነሥቶ ማንም ሳይነግረው ከፊት በግራ በኩል ያዘ። ሌሎቹም ያዙ። ቨርሊን የቀረውን፣ ከሮይስ ማዶ ያለውን መያዣ ሊይዝ ሲል ወንድሙ እጁን ዘርግቶ ከለከለው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጌታዬ። ይሄ ቦታ ሰው አለው።»

የቨርሊን ጆሮ ጋለ። ዛሬም? በፕላስቲክ አጽም ፊትም?

«የማን ነው?» አለ።

«የወንድሜ። የቨርሊን።»

ሌሎቹ ወደ ቨርሊን ዞሩ። ከጣሪያው የሚመጣው የሚያስፈራ ሙዚቃ ብቻ ይሰማል።

«የት አለ ወንድምዎ?» አለ ቨርሊን። ለወንድሙ «እርስዎ» ሲል በዕድሜው የመጀመሪያው ነው።

«ውጭ ፒካፑ ውስጥ ተቀምጧል። እልኸኛ ነው፣ አያውቁትም። እርስዎ የቤቱ ሠራተኛ ነዎት አይደል? ሄደው ይጥሩልኝ። እኔ እንደላክሁዎት አይንገሩት፤ ከሰማ አይመጣም። ያለ እሱ አናነሣም።»

ቨርሊን ወደ ላቮን ዞረ። «እውነት ነው? ስሜ ነበረበት?»

«እኔ ከእማማ ጋር ነበርኩ» አለች ላቮን፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። «አላውቅም። ጊል?»

ጊል አንገቱን አከከ። «እኔን ፕሩዊት ራሱ ነው ትከሻዬን ነክቶ ‹አንድ ሰው ጎደለ፣ ግባ› ያለኝ። ማን እንደጎደለ አልጠየቅሁም። የቄሱ ልጅ መስሎኝ ነበር።»

«ይህን ሁሉ ዓመት ይህን አልነገርከኝም?»

«መቼ አናግረኸኝ ታውቃለህ?»

«ደግሞ» አለ ሮይስ እንደ ምስጢር ጠጋ ብሎ፣ «በግራ እጁ እንዲይዝ በቀኝ በኩል ያደረግሁት ለእሱ ብዬ ነው። ቀኝ ትከሻውን ፋብሪካ ማሽን መትቶታል። በቀኙ አይችልም።»

ቨርሊን ሳያስበው ትከሻውን ያዘ። እውነት ነው፣ ማሽን መትቶታል። ግን የመታው አባቱ ከተቀበረ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ታዲያ የቱ ነው የዚያን ቀን፣ የቱ ነው የዛሬ? ቦታ ተይዞለት ነበር ወይስ የሮይስ የላሸቀ አእምሮ አሁን ፈጠረለት? ቦታ ተይዞልኝ ነበር ቢል የትከሻው ነገር ያፈርሰዋል፤ ሮይስ አሁን ፈጠረው ቢል የጊል ቃል ይመጣበታል።

«ፍንጭ ትፈልጋላችሁ?» አለ ጣሪያው።

«ዝም በይልን እስቲ!» አለች ላቮን።

«ይሂዱ እንጂ» አለ ሮይስ። «ሰው እየጠበቀ ነው።»

ቨርሊን አረንጓዴውን ቁልፍ ተጭኖ ወጣ።

ፒካፑ አጥሩ ጥግ ቆሟል። አጠገቡ ደርሶ ግራ ገባው። ራሱን እንዴት ነው የሚጠራው? በሩን ከፈተና ገብቶ መሪውን ይዞ ተቀመጠ፤ ልክ እንደዚያን ቀን። ያን ቀን ማንም መጥቶ መስተዋቱን አላንኳኳም። ይህን በመጽሐፍ ቅዱስ ይምላል። ወይስ የተላከ ሰው ነበረና፣ እልኸኛ ነው ሲሉት ፈርቶ ደጅ ቆሞ ተመለሰ? ወይስ ማንም አልተላከም? የሚያውቀው ሰው አንድ ነው፤ እሱም ክራቫት አስሮ ውስጥ ቆሟል።

ቁልፉን ሰክቷል። ቢያዞረው ሞተሩ ይነሣል። እንደ ሕፃን፣ አሁንስ አንድ ሰው መጥቶ ይጠራኝ ይሆን እያለ የቤቱን በር ተመለከተ። የመጣ የለም። የተላከው እሱ ነው፣ ማን ይመጣል? ወረደና ተመለሰ።

ሁሉም እንደቆሙ ናቸው። ሮይስ መያዣውን አልለቀቀም።

«መጣ?»

«መጥቷል።»

«ምን አለ?»

«‹ለምን አልጠራችሁኝም?› አለ።»

ሮይስ ግንባሩን አኮማተረ፤ ነገሩ እንዳልገባው ሰው። «ይኸው ጠራነው እኮ» አለ። «ሌላ ምን ልናደርግለት ነበር?»

ቨርሊን ወደ ባዶው መያዣ ጠጋ ብሎ በግራ እጁ ያዘ። ሮይስ አየው፣ አልከለከለውም። «ቀስ ብለህ» አለው። «ከከበደህ ንገረኝ።» ወንድሙን አውቆት ይሁን ለሠራተኛው አዝኖለት፣ ከፊቱ ማንበብ አልተቻለም።

አነሡት። ሳጥኑ ከስስ ጣውላ የተሠራ ባዶ ነገር ነው፤ ልጅ ብቻውን ይሸከመዋል። ሮይስ ግን የአንገቱ ጅማት ተገታትሮ፣ እያቃሰተ ነው የያዘው። ቨርሊን እሱን አየና ጉልበቱን ሸብረክ አደረገ፤ እሱም አቃሰተ።

መቆሚያው ላይ ሲያሳርፉት በሩ ተከፈተ፣ የጭብጨባ ድምፅም ከጣሪያው ወረደ። ሮይስ ግን መልሶ አነሣውና መራመድ ጀመረ። እነሱም ተከተሉት፤ ምን ያድርጉ? በኮሪደሩ አልፈው በዋናው በር ወጡ።

«ዕቃው ከቤት አይወጣም!» አለች ማረን ባርኔጣዋን ይዛ እየሮጠች። «እባካችሁ! ጨዋታው አልቋል እኮ!»

«ወዴት ነው የምንወስደው?» አለ ጊል ከኋላ በሹክሹክታ።

«እኔ ምን አውቄ» አለ ቨርሊን።

አስፋልቱ ዳር ደረሱ። ከድልድዩ በኩል ይመጣ የነበረ አንድ አሮጌ መኪና ፍጥነቱን ቀነሰ፤ ሳጥኑን ሲያይ በዚያ አገር ለሬሳ እንደሚደረገው መንገዱን ለቅቆ ቆመ። የሚነዳው ሽማግሌ ከሰሌን የተሠራ ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ አደረገ። ከኋላው ሁለተኛው መኪናም ቆመ።

ሮይስ ለሽማግሌው ራሱን ዝቅ አድርጎ አመሰገነ። ቨርሊን ምን ማድረግ እንዳለበት አላወቀም። ለማን እንደሚያዝኑለት፣ ማን እንደሞተም አላወቀም። ግን እሱም ራሱን ዝቅ አደረገ፣ የሟች ልጅ እንደሚያደርገው፣ መያዣውንም አልለቀቀም።