የገሰሰ አውራ ጣት

ገሰሰ ወሬ ሲጽፍ ምሕረት አያውቅም። ከኢምፔሪያል ወደ ገርጂ ገባ ሲባል ባለችው ፎቶኮፒ ቤቱ ተቀምጦ፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ እየጠረዘ፣ በጎን አባል የሆነበትን የበረራ ክበብ ወርኃዊ ወሬ ያዘጋጃል። ወሬው ሁለት ገጽ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ቁም ነገር ነው፤ ማን አገባ፣ ማን ወለደ፣ የማን ፈቃድ ታደሰ። እሱን ማንም አያነበውም። ሰው የሚጠብቀው ሁለተኛውን ገጽ ነው። በወሩ ውስጥ ብቻውን በርሮ የተሳሳተ አባል ሁሉ ጉዱ የሚወጣው እዚያ ላይ ነው።

ደንቡም ቀላል ነው። በወሩ የመጨረሻ ሐሙስ፣ ከሥራ በኋላ፣ አባላቱ ገርጂ ካለ አንድ ሥጋ ቤት ፎቅ ላይ በተከራዩት ክፍል ይሰበሰባሉ። ገሰሰ መነጽሩን አድርጎ ያነባል። ስሙ የተነሣበት ሰው ብድግ ብሎ፣ ንባቡ እስኪያልቅ ቆሞ ይሰማል። መልስ መስጠት የለም፣ መቆጣት የለም፣ «ነፋሱ ነው እኮ» ማለት ፈጽሞ የለም።

ወሎ ሰፈር ጋራዥ ያለው አረጋዊ፣ ሲያርፍ ሦስት ጊዜ እንደ ኳስ መንጠሩ ሲነበብ ቆሞ ሰምቷል። የክበቡ ሊቀመንበር ብርነሽም ቆማለች። ብርነሽ በሙያዋ የጥርስ ሐኪም ናት፤ አንድ እሑድ የሠርግ ድንኳን የሜዳቸው ምልክት መስሏት ሁለት ጊዜ ስትዞርበት፣ ሙሽሮቹ እጃቸውን እያውለበለቡ ሸኝተዋታል። ገሰሰ ይህን ሲያነብ ሰው በሳቅ ሞተ።

እሱ ግን ቆሞ አያውቅም። ከአስተማሪ ጋር የበረረ ሰው ጥፋቱ የአስተማሪው ነው ይላል ደንቡ፤ ገሰሰ ደግሞ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከአስተማሪ ተለይቶ አልበረረም። እኩዮቹ አንድ በአንድ ብቻቸውን ሲወጡ፣ እሱ ገና ተማሪ ነው። ስድሳ ሦስት ዓመት የሞላው ተማሪ። «ገሰሰ መሬት ላይ ተቀምጦ ሰማዩን ያማል» ይላል አረጋዊ። ገሰሰ ከሁሉ በላይ ይስቃል፤ ይህች ነገር ግን ቤቱ ድረስ ትከተለዋለች።

አስተማሪው ፊዮሪ የመጨረሻ ልጁ እኩያ ናት። «በሚቀጥለው ሳምንት ብቻዎን» ባለችው ቁጥር አንድ ነገር ይመጣል። ወይ ጉልበቱን ያመዋል፣ ወይ ደመናው አይጥመውም፣ ወይ ጠርዞ ሰኞ የሚያስረክበው መቶ ሃምሳ መጽሐፍ አለ። እውነቱን ለመናገር ይፈራል፤ ሌላ ምክንያት የለውም።

በጥር መጀመሪያ የበረራ ሐኪሙ ዓይኑን በመብራት አየለት፣ ደግሞ አየለት፣ ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

«ጋሽ ገሰሰ፣ ይሄ የጤና ወረቀትዎ እስከ ወሩ መጨረሻ ይሠራል። ከዚያ በኋላ ግን ልፈርም አልችልም።»

ያለዚያ ወረቀት ከአስተማሪ ጋር እንጂ ብቻን መብረር አይፈቀድም። ገሰሰ ደጅ ወጥቶ በጣቱ ቆጠረ፤ ሦስት ቅዳሜ ቀርቶታል። ለማንም አልተናገረም። የሰው ወሬ የሚያዞር ሰው የራሱን ሲይዝ እንዴት አጥብቆ እንደሚይዝ ጉድ ነው። የመጀመሪያው ቅዳሜ ደመና ሆነ፤ እውነተኛ ደመና፤ ገሰሰም በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ በደመና ተናደደ።

በሁለተኛው ቅዳሜ ማለዳ እንደልማዳቸው ኢምፔሪያል ተገናኝተው በአረጋዊ ፒካፕ ከከተማ ወጡ። ሜዳቸው በስተምሥራቅ፣ ጤፍ በታጨደበት ማሳ መካከል የተደለደለ የአፈር መንገድ ነው። ያለቻቸው አውሮፕላን አንዲት ባለሁለት መቀመጫ ናት። ጠዋት ጠዋት ለመነሣት ብዙ ስለምትለመን የቀድሞ ባለቤቷ በአማቱ ስም ዘውዲ ብሏታል።

ፊዮሪ ከጎኑ ሆና ሁለት ጊዜ አብረው ዞረው አረፉ። ከዚያ ሞተሩ እየሠራ በሩን ከፍታ ወረደች።

«ጋሽ ገሰሰ፣ አሁን ብቻዎን። አንድ ዙር። እኔ ከታች ሆኜ በሬዲዮ አነጋግርዎታለሁ።»

«ጉልበቴ» ሊል አፉን ከፈተ። ከዚያ ወረቀቱ ትዝ አለውና አፉን ዘጋ።

ዘውዲ ተነሣች። ገሰሰ መሪውን የያዘው መገናኛ በታክሲ ሰልፍ ላይ ቦርሳውን እንደሚይዝ ሰው ነው። ማሳው ከሥሩ ዝቅ አለ፣ የቤቶቹ ቆርቆሮ አበራ፣ አጠገቡ ያለው ወንበር ባዶ መሆኑ ታወቀው። ብቸኝነቱን አልቻለውም። ስለዚህ ወንበሩን ያናግረው ጀመር።

«ፊዮሪዬ፣ እይው እስቲ፣ በረርኩ! አይ አንቺ ልጅ፣ ትተሽኝ ወረድሽ? ቅዱስ ገብርኤል፣ በሰላም መልሰኝ፣ ትልቅ ጥላ አገባልሃለሁ...»

ወደ ግራ ዞረ። ዘውዲም ታዘዘችለት። ልቡ ሞቅ አለና ምላሱም ተፈታ።

«እንግዲህ ላንቺ አልዋሽም። ዓይኔ ደክሟል አሉኝ። ከዛሬ ሌላ አንድ ቅዳሜ ነው ያለኝ። ዘጠኝ ዓመት ጉልበቴን ስከስ የኖርኩት ፈርቼ ነው፤ ጉልበቴ ምን አደረገኝ? አረጋዊንም በድየዋለሁ። ሦስት ጊዜ ነጠረ ብዬ የጻፍኩት አንዴ የነጠረውን ነው። ቀንቼበት ነው። እሱ ከአውሮፕላን ሲወርድ ሁሉም ከቦ ያበሽቀዋል፤ እኔን የሚያበሽቀኝ ያልተጠረዘለት ደንበኛ ብቻ ነው። እኔም እንደነሱ አንድ ቀን ቆሜ መታማት አማረኝ፣ ምን ላድርግ?»

ሬዲዮው ጭጭ ብሏል። ፊዮሪ አንድም ቃል አለመናገሯ ገረመው፤ ይህን ያህል አምናኛለች ማለት ነው ብሎ ኮራ። ሜዳው ከፊቱ መጣ። «ገብርኤል፣ ጥላው ውድ ነው፣ ጧፍ ይሁን» አለና ዝቅ አደረጋት። ዘውዲ በግራ ጎማዋ መሬት ነካች፣ ዘለለች፣ ደግማ ነካች፣ ወደ ጤፉ ጭድ ክምር አምርታ ዐሥር እርምጃ ሲቀራት ቆመች።

ፊዮሪ እየሮጠች መጣችና በሩን ከፈተች። ዓይኗ በእንባ ቀልቷል።

«ጋሽ ገሰሰ፣ እባክዎ አውራ ጣትዎን ያንሡ።»

ወደ እጁ አየ። አውራ ጣቱ መሪው ላይ ያለውን የሬዲዮ መናገሪያ ቁልፍ ተጭኖ ነጭ ሆኗል። ከመነሻው እስከ መድረሻው አልለቀቀውም። ያ ቁልፍ ሲጫኑት መናገር እንጂ መስማት የለም።

«ስንቴ ጠራሁዎት» አለች። «እርስዎ ግን... ሁላችንም ፒካፑ ላይ ባለው ሬዲዮ ሰማንዎት። ከሀ እስከ ፐ።»

ገሰሰ ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ዓይኑን ጨፍኖ ሳቁን ጠበቀ። አንድም ሰው አልሳቀም። አረጋዊ መጥቶ በሁለት እጁ ጨበጠው፤ ሲመለሱም ጋቢና አስቀመጠው። ብርነሽ ውኃ ከፍታ ሰጠችው። ያን ቀን ማታ የክበቡ ቴሌግራም በ«እንኳን ደስ አለዎት» ተሞላ፤ አንድ የሚያሾፍ ጠፋ። ገሰሰ ስልኩን አልጋው ላይ ጣለውና በጣም ከፋው።

ሐሙስ ደረሰ። ገሰሰ ተላጭቶ፣ ልጁን የዳረበትን ኮት ለብሶ ሄደ። ጸሐፊ የራሱን ጉድ ስለማይጽፍ የዚህን ወር ገጽ እንዲያዘጋጅ አረጋዊ ታዟል። ስሙ ሲጠራ ገሰሰ ብድግ አለ። ዘጠኝ ዓመት የጠበቀው ይህን ነበር።

አረጋዊ ጉሮሮውን ጠረገ። «አንጋፋው አባላችን አቶ ገሰሰ ባለፈው ቅዳሜ በጥሩ ሁኔታ በርረው በሰላም ተመልሰዋል። አቶ ገሰሰ ትሑት፣ ሰው አክባሪ፣ ለክበባችን ብዙ የደከሙ...»

ክፍሉ በአክብሮት አንገቱን ደፋ። ገሰሰ ጥቂት ታገሠ። ከዚያ በላይ ግን አልቻለም።

«አረጋዊ፣ የሕይወት ታሪክ ነው እንዴ የምታነበው? አስከሬኑ የታለ?»

«ገሴ፣ ተወቃሽ መልስ አይሰጥም» አለች ብርነሽ በለሆሳስ።

«ወቀሳው የት አለና ነው መልስ የምትሉኝ?» አለ። «ሁሉን ሰምታችኋል። ለመታማት ብዬ ነው ሰማይ የወጣሁት! ወረቀቴ በዚህ ሳምንት ያበቃል። ዛሬ ካዘናችሁልኝ እኔ እንደ እናንተ የበረርኩት መቼ ነው ታዲያ?»

አረጋዊ ገሰሰን ቆይቶ አየው። ከዚያ ወረቀቱን አራት አጥፎ ኪሱ ከተተ፣ እጅጌውን ሰበሰበ።

«ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» አለ። «ይሄ ሰውዬ በአነጋገርም በአያያዝም አለቀለት!»

ከወዲያ ጥግ የሆነ ሰው ሳቁ አመለጠው።

«ሽቅብ ሲወጣ ለገብርኤል ትልቅ ጥላ ተሳለ። ሜዳዋን ሲያያት ወደ ጧፍ አወረደው። መልአኩን በሰማይ መሀል ዋጋ የተከራከረ ሰው አይቼ አላውቅም! ጭዱ ጋ ባይቆም ኖሮ ለመልአኩ ክብሪት ብቻ ነበር የሚደርሰው።»

ክፍሉ ፈረሰ። ብርነሽ ጠረጴዛውን ትደበድባለች። ፊዮሪ እንባዋን እየጠረገች ተነሣችና በገሰሰ ድምፅ «ፊዮሪዬ፣ ትተሽኝ ወረድሽ?» አለች። አንዱ ሲጨርስ ሌላው ይቀጥላል፤ ሁሉም አንድ አንድ ቃል ይዞ ኖሯል፣ ሁሉም ለካ አፉን ይዞት ነው የሰነበተው። ገሰሰ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ኮቱን ቆልፎ፣ ፊቱ ቀልቶ ሰማ። ይህን ያህል ደስ ብሎት አያውቅም።

ሳቁ ሲበርድ ሰው እቃውን መሰብሰብ ጀመረ። ብርነሽ ዞር ስትል ገሰሰ እንደቆመ ነው።

«አለቀ እኮ ገሴ፣ ተቀመጥ እንጂ። ጉልበትህ...»

«ጉልበቴ ምንም አላለኝ» አላት። «ትንሽ ልቁም።»