ከልጄ የደበቅኩት ቁራጭ

ኢናሉክ ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው፤ እኔ ሠላሳ አራት። እሷ ግን «እማዬ» ትለኛለች፣ እኔም «ልጄ» እላታለሁ። እናቷ ቱኩሜክ በሞተች ሰሞን ተወልጄ ስሟን ስላወጡልኝ፣ በበረዷማው ባሕር ዳር ባለችው መንደራችን ወግ ሟቿ በእኔ ተመልሳለች፤ እናቷ እኔ ነኝ።

ጣጣው የመጣው በጫማ ነው። የሰፋሁትን የቆዳ ቦት ሱቅ ውስጥ ባሌ ኡሳቃቅ እግር ላይ አየችና፣ «ውይ እማዬ! ይሄ ስፌት ነው ወይስ የውሻ ንክሻ? ሞተሽ ስትመለሺ እጅሽን እዚያው ረስተሽው መጣሽ?» አለች። ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሴቶች በሳቅ ፈረሱ። ባሌም ሳቀ። ደሜ ፈላ።

ከዚያ በረዶው አላስኬድ ብሎ ሦስት ሳምንት ሙሉ ማንም ሳያድን ከረመ። ማክሰኞ ለት እነ ኡሳቃቅ ዓሣ ነባሪ ወጉ፤ ድርሻውን ይዞ ገባ። የባል ሥራ እዚህ ላይ ያበቃል። እንደ ኢናሉክ አዳኝ ለሌላት አሮጊት ቆርጣ የምትሰጠው ሚስት ናት።

ኢናሉክ በሩ ላይ ቆማ፣ «እማዬ፣ ደረሰን?» አለችኝ።

«አለቀ» አልኳት። ዓይን ዓይኗን እያየሁ! የምንበላው የዓሣ ነባሪው ቆዳ ከነስቡ በሳህን ሆኖ፣ ጨርቅ ለብሶ፣ ከምድጃው ሥር ተቀምጧል።

«እሺ እማዬ» ብላ ሄደች። እሰይ፣ የእጇን አገኘች አልኩ በሆዴ።

ሰዓትም ሳትቆይ ተመለሰች። መዳፍ የማታህል ቁራጭ ይዛለች፤ ጎረቤቶች ሰጥተዋት ነው። «እናቴ ጦሟን ተቀምጣ ለእኔ እንዴት ይወርድልኛል? ነይ፣ ቢላዋሽን አምጪና እኩል እንካፈል» አለች።

ቢላዋዬ! ቢላዋዬ ያለው እዚያው ሳህን ውስጥ ነው፣ ከደበቅኩት ቆዳ ጋር።

ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! ያቺ ስሟን የተሸከምኩት ሴት በረሃብ ዘመን እንኳ ለሰው «የለም» ብላ አታውቅም ይላሉ። እኔ በአንድ ቀን ሁለታችንንም አዋረድኩ። «ቢላዋው ጠፋብኝ» ልል አፌን ከፈትኩ፤ ሁለተኛው ውሸት አልወጣ አለኝ። ጎንበስ ብዬ ጨርቁን ገለጥኩት።

ኢናሉክ አየችው። ፈገግ አለች። «ድሮም እንዲሁ ነበርሽ። ክፉ ቀን ሲመጣ ከራስሽ ጉሮሮ ነጥቀሽ፣ ደብቀሽ ታስቀምጪልኝ ነበር» አለች።

መውጫ ሰጠችኝ እኮ! አዎ ብል እዚያው ላይ ያበቃ ነበር። ፊቴ ነደደ።

«ለአንቺ አይደለም ልጄ» አልኳት። «ከአንቺ ነው የደበቅኩት።»

«አውቃለሁ» አለች፣ አጠገቤ ወለሉ ላይ እየተቀመጠች። «በይ አሁን አድቅቀሽ ቁረጪልኝ፤ ጥርስ የለኝም።»

ቀና ብዬ ሳላያት አድቅቄ ቆረጥኩላት። እሷ ደግሞ ይዛ ከመጣችው ቁራጭ ግማሹን ወደ እኔ ገፋ አደረገችና፣ «ብዪ እንጂ እማዬ» አለች።

ጎረስኩ። አልወርድ አለኝ።