ጓንት የለበሰ እጅ

የማዘጋጃ ቤቱ የኮምፒውተር ባለሙያ በዚያ ጠዋት ከጠረጴዛው ላይ ያኖራትን ትንሽ ሬዲዮ ድምፅ ከፍ አድርጎ ተቀመጠ። ሬዲዮ መስማቱ ለጨዋታ አልነበረም። ከከተማው ዳር ባለው የቆሻሻ መለያ ጣቢያ እሱ ራሱ የተከለው አዲስ መሣሪያ በሕዝብ ፊት ሥራ ሊጀምር፣ የሕዝብ ሬዲዮውም ምረቃውን በቀጥታ ሊያስተላልፍ ነበር። አለቃው ግን፣ «አንተ ከቢሮ ሆነህ በስክሪን ተከታተል፤ እንግዳ ፊት ሽቦ ስትጎትት እንዳትታይ» ስላለው ሌላው ሲያስመርቅ እሱ ከወንበሩ ቀርቷል።

በጣቢያው ውስጥ ቆሻሻው በረጅም የጎማ ቀበቶ ላይ ተጭኖ ይጓዛል። ለቃሚዎቹ ሴቶች ግራና ቀኝ ቆመው ፕላስቲኩን፣ ካርቶኑንና ቆርቆሮውን እየለቀሙ በየበርሜሉ ይጥላሉ። የተረፈው ከቀበቶው ጫፍ ወዳለው መጭመቂያ ይገባል። ሠራተኞቹ ቀበቶውን «ምላስ»፣ መጭመቂያውን «ጉሮሮ» ይሉታል፤ ጉሮሮው ደግሞ የገባለትን ሁሉ ሳያላምጥ የሚውጥ ነው። ቀደም ባለው ዘመን የአንዲት ለቃሚ ጣቶችን ወስዷል። አዲሱ መሣሪያ የመጣውም በዚሁ ምክንያት ነበር፤ ከጉሮሮው በላይ የተሰቀለ ካሜራ የሰው እጅ ሲጠጋ አይቶ፣ ቀበቶውንም መጭመቂያውንም በቅጽበት ቀጥ ያደርጋል።

ከለቃሚዎቹ አንዷ የባለሙያው አክስት፣ የአባቱ እኅት ናት። ወላጆቹን በልጅነቱ ካጣ ወዲህ ያሳደገችውም ያስተማረችውም እሷ ናት። እጇ ከዓይን ስለሚፈጥን ባልደረቦቿ «መንጠቆ» ብለው ይጠሯታል። እሱ እቴቴ ይላታል።

ታዲያ ከምረቃው በፊት በነበረው ቀን መሣሪያው ሲሞከር ጉድ ፈላ። ቀበቶው ጥቂት ሄዶ ይቆማል፤ ይነሣል፤ እንደገና ይቆማል። ምክንያቱን ለማግኘት ብዙ አልደከሙም። ከጋራዡ፣ ከሕንፃ ሥራውና ከሐኪም ቤቱ የሚጣለው አሮጌ ጓንት ከቆሻሻው ጋር ይመጣል፤ ካሜራው ደግሞ አምስት ጣት ባየ ቁጥር የሰው እጅ እየመሰለው ይደነግጣል።

«ነገ በቀጥታ ስርጭት እንዲህ ቢገተርብን የአገር መሳቂያ መሆናችን ነው» አለ የጣቢያው ሥራ አስኪያጅ። «ጓንት ሲያይ ዝም ብሎ ያሳልፍ! ጓንትና እጅ ካልለየ ምኑን ዓይን ሆነ?»

ባለሙያው እስኪመሽ ተቀምጦ የጓንት ሥዕል በብዛት እያሳየ፣ ይህን የመሰለውን ሁሉ እንዲያሳልፍ ካሜራውን አስተማረው። ከዚያ ጓንት እያነሣ በቀበቶው ላይ ጣለ፤ ቀበቶው ሳይቆም አለፈ። እጅጌውን ሰብስቦ የገዛ እጁን ወደ ጉሮሮው አስጠጋ፤ ወዲያው ቀጥ አለ። ደግሞ ሞከረ፤ ደግሞ ቆመ። ሥራ አስኪያጁ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ መረቀው፤ እሱም ልቡ ሞልቶ ወደ ቤቱ ገባ።

አሁን በሬዲዮው ጭብጨባ ይሰማል። የሹማምንቱ ንግግር ካለቀ በኋላ ጋዜጠኛው ወደ ሠራተኞቹ ዞረ።

«አድማጮቻችን፣ ጥያቄ ያላችሁ በተለመደው ቁጥራችን ደውሉልን። አሁን ከአንዲት አንጋፋ ሠራተኛ ጋር ነኝ። እናቴ፣ ካሜራው እጅ ሲያይ እንደሚቆም ሊያሳዩን ነው አይደል? አይፈሩም?»

«ምን ያስፈራኛል?» አለች አክስቱ። ባለሙያው ድምፅዋን ሲሰማ ፈገግ አለ። «የወንድሜ ልጅ የሠራው ነው። እኔ ያጎረስኩት ልጅ ለጉሮሮ አሳልፎ ይሰጠኛል?»

ከኋላዋ ሴቶቹ ሲስቁ ተሰማ። አንዲቱ፣ «መንጠቆ ዛሬ ሬዲዮ ገባች፤ ከእንግዲህ በእግሯም አትሄድ!» አለች።

«ዝም በይ አንቺ፣ ቅናትሽን ከፕላስቲኩ ጋር ጣይው።»

ጋዜጠኛውም ስቆ፣ «ጓንትዎ አዲስ ነው መሰለኝ?» አላት።

«አዲስ ነው፤ ለእናንተ ክብር ሲሉ ሰጡን። አሮጌም ይሁን አዲስ ግን ያለ ጓንት ቆሻሻ ነክቼ አላውቅም። መርፌ አለ፣ የጠርሙስ ስባሪ አለ። እዚህ ቤት ጓንት ቆዳችን ነው።»

የባለሙያው ፈገግታ ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። ትናንት ያስጠጋው ባዶ እጁን ነበር። የቢሮ ሰው እጁን ሲያስብ የሚታየው ባዶ እጅ ነው። ካሜራውን ያስተማረው ግን ጓንት የመሰለውን ሁሉ አሳልፍ ብሎ ነው፤ ካሜራው ደግሞ የጓንቱን ውጭ እንጂ ውስጡን አያይም። በዚያ ቀበቶ ዙሪያ የቆሙት ሴቶች እጆች በሙሉ፣ ከትናንት ማታ ጀምሮ፣ ለዚያ ዓይን ቆሻሻ ሆነዋል።

ስልኩን አነሣ። ሥራ አስኪያጁ ጋ ደወለ፤ ዝግ ነው። አክስቱ ጋ ደወለ፤ ዝግ ነው። ጥበቃውም እንዲሁ። ስርጭቱ እንዳይረበሽ የሁሉም ስልክ ተሰብስቦ በካርቶን መቀመጡን አለቃው በኩራት ነግሮት እንደነበር ትዝ አለው። ስክሪኑ ቀበቶው መዞሩን ያሳየዋል እንጂ ከዚህ ሆኖ ማቆም አይችልም፤ ማቆሚያው ያለው እዚያው ጣቢያው ውስጥ ነው። በመኪና ቢበር እንኳ አይደርስም።

«እንግዲያው እናቴ፣ ቀበቶው ይነሣና ይሞክሩልን!» አለ ጋዜጠኛው።

የቀረው አንድ በር ነበር። የሬዲዮ ጣቢያውን ቁጥር መታ።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ከየት ሰፈር ነው የሚደውሉት?» አለች የስልክ ተቀባይዋ።

«እኅቴ፣ በፈጠረሽ፣ አሁኑኑ አየር ላይ አስገቢኝ!»

«ወንድሜ፣ ሁሉም አሁኑኑ ነው የሚለኝ። ቆሻሻችን አልተነሣልንም የሚሉ ሰዎች ተሰልፈዋል፤ ተራዎን —»

«የሰው እጅ ሊደቅ ነው! ካሜራው አያያትም! እኔ ነኝ የሠራሁት፣ አያያትም እልሻለሁ!»

 የተቀባይዋ ድምፅ ተለወጠ። «ሬዲዮዎን ይዝጉ፤ ያስተጋባል። ይዝጉና ይናገሩ።»

ዘጋው። ቢሮው ጭር አለ። አሁን አክስቱ የት እንደደረሰች፣ እጇን አንሥታ እንደሆነ፣ አስጠግታ እንደሆነ አያውቅም። በስልኩ ውስጥ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማ፤ ቀጥሎም የቀበቶው ጉርምርምታ ጆሮውን ሞላው።

«እቴቴ!» ብሎ ጮኸ። «እጅሽን መልሺ! ጓንት ካለ ካሜራው አያይሽም! እቴቴ፣ እጅሽን!»

ስርጭቱን ለእንግዶቹ ለማሰማት በተሰቀለው ድምፅ ማጉያ የገዛ ጩኸቱ ዞሮ ሲመጣበት ሰማ።  ቀበቶው ይጎረመርማል። አንዲት ሴት «ውይ!» አለች፤ አንድ ነገር ወደቀ። ባለሙያው ዓይኑን ጨፍኖ ስልኩን ከጆሮው ጋር አጣበቀው። በሕይወቱ ያን የሚያህል ረጅም ጊዜ አላየም።

«ምን ሆነሃል አንተ ልጅ?» አለ በመጨረሻ የአክስቱ ድምፅ። «በሕዝብ ፊት ትጮኽብኛለህ?»

«እጅሽ፣ እቴቴ፤ እጅሽስ?»

«እጄማ ከእኔው ጋር ነው። በድንጋጤ በርሜሉን ገለበጥኩት እንጂ።»

ባለሙያው ከወንበሩ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። የሥራ አስኪያጁ ድምፅ ከሩቅ፣ «ስርጭቱን አቋርጡት! ይህ የቴክኒክ ጉዳይ ነው!» ሲል ተሰማ፤ ጋዜጠኛውም ረጋ ብሎ፣ «ጌታዬ፣ በቀጥታ ላይ ነን» ሲል መለሰለት።

አክስቱ ግን ነገር ከሥሩ ካላየች የምትተው ሴት አልነበረችም። አንድ ጓንቷን አወለቀች፤ በመጥረጊያ እንጨት ጫፍ ላይ አጠለቀችው፤ ጋዜጠኛውም የምታደርገውን አንድ በአንድ ለአድማጭ ይናገር ጀመር። እንጨቱን ወደ ጉሮሮው አስጠጋችው። ቀበቶው አልቆመም። እንጨቱ ሲሰበር የተሰማውን ድምፅ ሬዲዮ የከፈተ ሁሉ ሰማው። አንድ ሰው ማቆሚያውን እስኪጫን ድረስ ቀበቶው ብቻውን ዞረ።

«ልጄ» አለች አክስቱ፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ፤ «ትናንት በጓንት ሞክረኸው ነበር?»

አገር እየሰማው ነው። ሊያሳብብበት የሚችለው ትእዛዝ አፉ ላይ ነበረ፤ ሥራ አስኪያጁ ያዘዘው ነገር ውሸት አልነበረምና። ግን የተጠየቀው ሌላ ነው።

«አልሞከርኩም፣ እቴቴ። በባዶ እጄ ነው የሞከርኩት።»

«ልብ ካላየ ዓይን አያይም» አለች። የተናገረችው ለእሱ ይሁን ስለ ካሜራው አልለየም። መስመሩ ተቋረጠ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ጣቢያው ሲሄድ እንግዶቹ ተበትነው ነበር። የተጨበጨበበት አዳራሽ ባዶ ወንበር ብቻ ቀርቶታል። ሥራ አስኪያጁ በአጠገቡ አልፎ እንዳላየ ሆነ፤ ሴቶቹም ከበርሜሎቻቸው ላይ ተቀምጠው ተመለከቱት። ማንም አልሰደበውም፤ ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። የትናንቱን ሥራ አፈረሰ፤ ካሜራው እንደ ቀድሞው ጓንትን ሁሉ እንዲፈራ አደረገ። ከዚያ ከሠራተኞቹ ሳጥን ጓንት ለምኖ አጠለቀና እጁን ወደ ጉሮሮው አስጠጋ። ቀጥ አለ። ሌላ ዓይነት ጓንት ለውጦ አስጠጋ። ቀጥ አለ። አሮጌ ጓንትም በመጣ ቁጥር ይቆማል፤ ይቁም አለ በልቡ፣ መሳቂያ መሆን ይሻላል።

«አሁን ይቆማል፣ እቴቴ» አላት። «እርግጠኛ ነኝ።»

«እሰይ፣ ልጄ» አለችው። አገጩን በክንዷ ነካ አደረገችው፤ እጇ በቆሸሸ ጓንት ውስጥ ነበርና። «ሂድ፣ እህል ቅመስ። ፊትህ አመድ መስሏል።»

ቀበቶው ተነሣ። ሴቶቹ ወደየቦታቸው ተመለሱ። አክስቱ ግን ስንት ዘመን ከቆመችበት፣ ከጉሮሮው አጠገብ ካለው ቦታ አልቆመችም። ጎረቤቷን በትከሻዋ ገፋ አድርጋ፣ «ጠጋ በይልኝ፣ የኔ እመቤት» አለችና ወደ ቀበቶው መሃል ገባች። የተተወው ቦታ ባዶውን ቀረ፤ ሊሞላው የተነሣ ሰውም አልነበረም። ባለሙያው በሩ ላይ ቆሞ ያን ባዶ ቦታ ሲመለከት ቆየ።