የሽቦ ዓይን እኔ ነኝ

እግሬ እንዴት እንደተሰበረ ለሚጠይቀኝ ሁሉ፣ ከሦስተኛ ፎቅ የወደቀች ሙሽራ ስቀልብ ነው እላለሁ። ሙሽራዋ ከነሚዜዎቿ ነው የወደቀችው ያልኩበት ቀንም አለ። እውነቱ የሳሙና ውሃ አዳልጦኝ ነው።

እኔና ሽቦ አሥራ አንድ ዓመት መስታወት ተሸክመናል። ሽቦ ያልነው ቅጥነቱን አይተን ነው፤ ነፋስ ሲነሳ ኪሱ ውስጥ ድንጋይ ይጨምራል። ትልቅ መስታወት ለሁለት ሲያዝ አንዱ ፊቱን ወደ መስታወቱ አዙሮ የኋሊት ይሄዳል፤ ሌላው መንገዱን እያየ «ደረጃ! ግራ! ቁም!» ይለዋል። የኋሊት ሂያጁ ሽቦ ነው፤ ዓይኑ ደግሞ እኔ። አንድም ቀን ዞር ብሎ አይቶ አያውቅም። ቁም ካልኩት ይቆማል፣ አለቀ።

እግሬ ጀሶ ውስጥ ከገባ ጀምሮ ሽቦ ሳያየኝ ቤቱ አይገባም። ያጥበኛል፣ ያበላኛል፣ ውሸቴን ይሰማልኛል። በሁለተኛው ሳምንት ግን በቦታዬ አንድ ለግላጋ ልጅ መቀጠሩን ነገረኝ።

«እንዴት ነው ልጁ?»

«ጎበዝ ነው ባክህ። ድምፁ ራሱ ደስ ይላል።»

ድምፁ! መስታወት ሊሸከም ነው ወይስ ሊዘፍን የመጣው? የዚያን ቀን ሾርባው እሬት እሬት አለኝ።

በማግስቱ በመስኮቴ ሥር ሲያልፉ አየኋቸው። ከቁመቴ የሚበልጥ መስታወት ይዘዋል። ለግላጋው አንድ ነገር ሲለው ሽቦ በሳቅ ተንፈራፈረ። የሙሽራዋን ወሬ ከነሚዜዎቿ ስነግረው እንኳ እንዲያ አልሳቀም! ትንሽ ላስደንግጣቸው ብዬ አንገቴን በመስኮት አወጣሁና «ቁም!» አልኩ።

ሽቦ ቀጥ አለ። ለግላጋው አልቆመም።

የመስታወቱ ድምፅ ጎረቤቱን ሁሉ አስወጣው። እኔ ብርድ ልብሴን ተከናነብኩ። ልንገራችሁ፣ ከሀፍረቴ ደስታዬ ይበልጥ ነበር። እግሩ አሁንም የኔን ድምፅ ነዋ የሚሰማው!

ከሥራ በኋላ ሽቦ ጣቱን በጨርቅ ጠቅልሎ መጣ።

«አንተ ነህ አይደል?»

«እኔ? እኔማ ተኝቼ…»

«ተው እንጂ! ድምፅህን ላጣው ነው?»

«ለጋሼ ነገርክብኝ?» ጋሼ የምንለው አሠሪያችንን ነው።

«እኔማ አደናቀፈኝ ልል ነበር። ልጁ ቀደመኝ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ እሱን አይንኩት አለ። ጋሼም ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣ አሉት።»

ይኸውላችሁ! የሁለት ቀን ሰው ለኔ ጓደኛ ሲል ሥራውን አጣ። እኔ በአሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ያለ ነገር አድርጌለት አላውቅም። በድምፅ ቢበልጠኝ እችለው ነበር። በታማኝነት ይበልጠኝ? ሞቼ ነው ቆሜ!

«ጠዋት ና እዘለኝ» አልኩት።

«ወዴት?»

«ጋሼ ጋ።»

ያ ቀጫጫ ከነጀሶዬ አዝሎ ወሰደኝ። ለጋሼ እውነቱን አንዲት ሚዜ እንኳ ሳልጨምርበት ተናገርኩ። ሰው ልከው ለግላጋውን አስጠሩት፤ እኔን ግን «እግርህ ሲድን እንተያያለን። ቦታህን አታገኘው ይሆናል» አሉኝ።

ለግላጋው መጣ። አዲሱ መስታወት ግድግዳ ተደግፎ ይጠብቃል።

«በሉ አንሱ!» አሉ ጋሼ።

«ቆይ ጋሼ» አለ ሽቦ፣ ጀርባውን እየሰጠኝ። «መጀመሪያ ይሄን ቅናተኛ ቤቱ ላድርሰው።»

ታዘልኩ። በሽቦ ትከሻ ላይ ዞር ብዬ ለለግላጋው ምላሴን አወጣሁለት። ሳቀ እንጂ አልተቆጣም። ይሄም አናደደኝ።